የአርቬድ መስክና የኤንድላ ደሴት

ሊቫኒና መንደር፣ ሂዩማ ደሴት፣ ኢስቶኒያ
እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1997

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኤንድላ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ በጤናና በሰላም ያግኝዎ። ክረምቱ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? በእኛ በኩል ሁሉ ደህና ነው። ባሕሩ ረግቶ መኪና በበረዶው ላይ ወደ ዋናው ምድር ይሻገራል፤ ደብዳቤውም የሚወጣው በዚያው መንገድ ነው። አባዬ መረቡን ሲጠግንና ሬዲዮኑን ሲሳደብ ይውላል።

ከአምስት ዓመት በፊት ታሊን ወደብ ላይ ሻይ ስንጠጣ «የወንድሜ ልጅ መሆንሽን አፍንጫሽ ነገረኝ» ብለውኝ ነበር። አባዬ ያን ቀን አብሮኝ ያልመጣው፣ እንደነገርኩዎ፣ መረቡን ባሕር ውስጥ ጥሎ መምጣት ስላልቻለ ነው።

አሁን የምጽፍልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው። የመንደራችንን የባህል ቤት የምመራው እኔ ነኝ። በየበጋው ከቤት ውጭ፣ ሣር ላይ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ቴአትር እናሳያለን፤ ሰው ብርድ ልብሱንና የምሳ ቅርጫቱን ይዞ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመጣል። ዘንድሮ፣ እርስዎ ስዊድን ለተሰደዱት የአገራችን ልጆች የጻፉትን የሃኔራሁ ደሴትን ታሪክ ልንሠራው አስበናል። ድንበሩ ከተከፈተ ወዲህ መጽሐፍዎ እኛም ጋ ደርሷል። ጀልባቸው ተፈትቶ ባዶ ደሴት ላይ የቀሩትን እህትና ወንድም፣ ሌናንና ትንሹን ዩኩን፣ የማያውቅ የሊቫኒና ልጅ የለም። ትልልቆቹ ደግሞ ሌና እርስዎ፣ ዩኩም አባዬ መሆናችሁን ያውቃሉ። መጨረሻው ላይ ሌና የወንድሟን እጅ ይዛ «እኔ አንተን ትቼ የትም አልሄድም» የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ፣ ለልጆቼ ባነበብኩ ቁጥር ድምፄ ይሰበራል።

መድረኩን የምናቆመው ባሕሩ ዳር ባለው በአባዬ መስክ ላይ ነው። ትርዒቱ በሐምሌ ነው። ፈቃድዎን እለምናለሁ።

አባዬ ሰላም ብሎዎታል።

አክባሪዎ፣
ኡርቬ

*

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
መጋቢት 24 ቀን 1997

ለወንድሜ ልጅ ለኡርቬ፣

ጣሪያሽ አያፍስስ፣ ልጆችሽም ጉንፋን አይያዛቸው። ጉልበቴ ክረምቱን አልወደደውም፤ እኔም ጉልበቴን አልወደድኩትም፤ ግን አብረን እየኖርን ነው።

መልሴ የዘገየው በረዶው ስለቀለጠ አይደለም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ብዕሩ እንቢ አለኝ።

በመጀመሪያ «እርስዎ» እያልሽ አሮጊት አታድርጊኝ። ሰባ ዓመቴ ራሱ ይበቃኛል።

ቴአትሩን ሥሪው። ያንን ታሪክ የጻፍኩት ቀን ልብስ ፋብሪካ እየዋልኩ፣ የጎረቤቶቼ ልጆች የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይረሱት ብዬ ነው። ተመልሶ እዚያው ባሕር ዳር ይቆማል ብሎ ማን አሰበ። ዘፈን ጨምሪበት፣ በግ ጨምሪበት፣ እንደወደድሽ አድርጊው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ ያቺ ሌና እጁን ይዛ የምትናገራት የመጨረሻዋ ንግግር ትውጣ። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ፣ በቃ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

አርቬድ ነገሩን ያውቃል? «ሰላም ብሎዎታል» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድሜ ሰላምታ የሚልክ ሰው አይደለም። ከራስሽ ጨምረሽው ከሆነ ግን አልተቀየምኩም። ጀርባው እንዴት ነው? አሁንም ብቻውን ባሕር ይወጣል?

አክስትሽ ኤንድላ

*

ሊቫኒና
ሚያዝያ 20 ቀን 1997

አክስት ኤንድላ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ጉልበትሽም ይታረቅሽ። «አንቺ» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ፈራ፤ ግን ታዝዣለሁ።

ሰላምታው የእኔ ነበር። አባዬ ምንም አላለም። አሁን ግን ብሏል፤ ያለውም ደስ አይልም።

እራት ላይ ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር።

«የማንን ታሪክ ነው የምትሠሩት?» አለ።

«የአክስት ኤንድላን። የሃኔራሁን።»

«ታዲያ ከእኔ መስክ ጋር ምን አገናኘው?»

«ባሕር አለው፣ ድንጋይ አለው። ከየትም የተሻለ ነው።»

«ሣሩን ላጭደው ነው።»

«አጭደህ ስትጨርስ ነው የምንገባው።»

«ከጨረስኩም በኋላ ላጭደው ነው» አለና ድንቹን ጥሎ ወጣ።

እኔ የማስበው ገመዱ ነው። በመጽሐፉ ላይ ትንሹ ዩኩ ሲጫወት የጀልባውን ገመድ ይፈታዋል አይደል? መጽሐፉ መንደራችን ከገባ ጀምሮ ወደቡ ላይ ያሉት ወንዶች አባዬን «ገመድ ፍታ» ብለው ስም አወጡለት። ጀልባ ሲያስሩ «አርቬድ እየመጣ ነው፣ ሁለቴ ቋጥረው» ይባባላሉ። ለቀልድ ነው፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ከዚያ ግን መረቡን ይዞ ሰው የሌለበት ዳርቻ ላይ መጠገን ጀመረ። ገመዱን ነፋስ ይፍታው ብንል ምን ይመስልሻል?

ስለ መጨረሻዋ ንግግር ግን እባክሽ እንደገና አስቢበት። እናቶች እንባ የሚያወጡት እዚያች ላይ ነው። ሌናን የምትሠራው ኬርቱ ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ ልምምድ ሳይጀመር ንግግሯን ቃል በቃል ይዛ ለድመቷ ትነግራታለች። ያለ እሷ ቴአትሩ እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም።

ኡርቬ

*

ጎተንበርግ
ግንቦት 18 ቀን 1997

ኡርቬ፣ ሰላም ላንቺና ለቤትሽ።

ገመዱን ነፋስ ይፍታው። ካልፈለግሽ ሌና ትፍታው፣ ጭልፊት ይፍታው። አርቬድ የወደደውን አድርጊ። ማን እንደፈታው እኔም ዛሬ በእርግጠኝነት አልምልም፤ ለታሪኩ አንድ ጥፋተኛ ያስፈልገኝ ነበር፣ እሱ ደግሞ ታናሽ ነበር። በዚህ እኔና እሱ መግባባት አያቅተንም።

ንግግሯ ግን ትውጣ ብያለሁ። ድመቷ ብቻ ትስማት።

አንድ ነገር ንገሪኝ። አርቬድ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቦታል? ወይስ ሰው የነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው? ይህን ጠይቂው፤ እኔ ጠየቅሁ እንዳትይው ግን። በዚህ ሳምንት ቤቱን ሁለት ጊዜ አጸዳሁት፤ ያልቆሸሸውን።

ኤንድላ

*

ሊቫኒና
ሰኔ 17 ቀን 1997

ውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የምነግርሽ ብዙ ነው፤ ደስ የሚለውን ላስቀድም።

መስኩን ስለከለከለን ልምምዱን አውቶቡስ ማቆሚያው ጎን ባለው ሜዳ ጀመርን። አባዬ በየቀኑ በብስክሌት ያልፋል፣ አያየንም። አንድ ቀን ቆመና ከካርቶን የሠራነውን ጀልባ ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ጀልባ ነው ወይስ የአሳማ ገንዳ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ልጆቹ ተጣሉ። ኬርቱ፣ አንቺ ስለፈቀድሽ፣ ገመዱን እኔ ነኝ የምፈታው ብላለች። ዩኩን የሚሠራው ታኔል ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«መጽሐፉ ላይ ዩኩ ነው የሚፈታው!»

«አክስት ኤንድላ ለእኔ ሰጥታኛለች። ደግሞ አንተ የጫማህን ክር እንኳ እናትህ አይደለች የምትፈታልህ?»

ታኔል ክንዷን ነከሳት። ኬርቱም ፀጉሩን ይዛ ሣሩ ላይ ጣለችው። እየሮጥኩ ሳላቅቃቸው አባዬ ብስክሌቱን አስደግፎ መጣ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ገመዱን ማን ይፍታ ነው» አለ ታኔል አፍንጫውን እየጠረገ።

«የገመዱ መፈታት እኮ ጥፋት ነው። ለጥፋት ሰው ይጣላል?»

ታኔል አባዬን ምንም እንደማያውቅ ሰው አየው። «እሱ ባይፈታው ታሪኩ መች ይጀመራል?» አለው።

አባዬ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም፤ ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። በማግስቱ የገዛ ራሱን አሮጌ ጀልባ በትራክተር ጎትቶ መስኩ ላይ አስቀመጠልን። ሣሩንም ያለ ወቅቱ አጨደው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መዶሻ ይዞ ይመጣል፣ ሁሉንም ይተቻል፣ እሳት እንዲህ አይነድም፣ ሰው እንዲህ አይበርደውም እያለ።

አሁን ሌላውን። አንቺ አውጪያት ያልሽኝን ንግግር አላወጣሁም ነበር። ስታያት ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ ብዬ ነው። ባለፈው ሐሙስ መጨረሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተለማመድን። አባዬ የመድረኩን ሳንቃ እየመታ፣ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ነበር። ኬርቱ የታኔልን እጅ ይዛ ተናገረች። ልጅቷ ደህና አድርጋ ነው የተናገረችው። አባዬ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ሳንቃው ላይ ደረደራቸውና ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጀልባ ማሰሪያው ጋ አገኘሁት። በገመዱ ነው የተቀየምከው ብዬ ጀመርኩ።

«ገመዱን ተይው» አለኝ። «እኔ ልፍታው፣ እሷ ትፍታው፣ አላስታውሰውም። ልጆች ነበርን። ያቺ ግን ውሸት ናት።»

«የቷ?»

«ትቼህ አልሄድም የምትለዋ። ሄዳለች እኮ።» ከዚያ ወደ መረቡ ዞረ። «አንብቤዋለሁ። ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው። እዚያች ጋ ስደርስ ዘጋሁት።»

በ1944 መከር ላይ ከጦርነቱ ሸሽተሽ እንደ ብዙ ሰው በጀልባ ስዊድን መሻገርሽን ከልጅነቴ አውቃለሁ። በቤታችን ይህ የሚነገረው እንደ አየር ጠባይ ነው፤ ኤንድላ ሄደች፣ ጦሩ መጣ፣ ከብቱ አለቀ። በዚያ ቀን ዳር ላይ የቀረ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንደነበረ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አንቺ ግን አውጪያት ያልሽው አስበሽው ነው። ሁለታችሁም ያቺን አንዲት ንግግር ሸሻችሁ፤ እኔ በመካከል ስለ ገመድ አወራለሁ።

አወጣኋት። ኬርቱ አኩርፋኛለች።

አክስቴ፣ ነይ። የመጨረሻው ትርዒት ነሐሴ 3 ነው። በማግስቱ ጓዛችንን ጭነን ወደ ዋናው ምድር እንሻገራለን፤ ወሩን ሙሉ በየከተማው እናሳያለን። ከዚያ በፊት ነይ።

ኡርቬ

*

ጎተንበርግ
ሐምሌ 13 ቀን 1997

ኡርቬ፣ በደህና ሰንብቺ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ በቅጡ አልያዘኝም። የመርከብ ቲኬት ቆረጥኩ፣ መለስኩት። ሻንጣ አወጣሁ፣ ከተትኩ፣ ልብሶቹን ወደ ቁም ሣጥኑ መለስኩ። ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ ሰምታኝ «ቤት ልትቀይሪ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለዚያ መከር ልጽፍልሽ ሞክሬ ነበር። ወረቀት ላይ ሲሆን ሁሉም ነገር ራሴን ለማዳን የምለው ይመስላል፤ ስለዚህ ቀደድኩት። ለአርቬድም ላንቺም በደብዳቤ የምለው የለኝም። ደብዳቤ መጻፍ እችል ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ዓመት መቼ አነሰኝ።

እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባም። ቃል ስገባ ምን እንደሚሆን አይተሻል።

ዝናብ እንዳይመታችሁ።

ኤንድላ

*

ሊቫኒና
ሐምሌ 23 ቀን 1997

ውድ አክስቴ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለሻንጣሽም። ዝናቡ መቶናል።

የመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ላይ የነበረው ደመና ልክ ልጆቹ ደሴቲቱ ላይ ሲወጡ ወረደብን። ማንም አልተነሣም። እናቶች ሸራ በሦስት በአራት ቤተሰብ ተከናንበው ቁጭ አሉ፤ ከውስጡ ልጆች አንገታቸውን እንደ ኤሊ ያወጣሉ። ታኔል እውነተኛ ብርድ ስለያዘው ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ አንዲት አሮጊት ከተመልካቹ ተነሥታ ሹራቧን አለበሰችው፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ዝናብ አልነበረም፤ ትንኝ ግን ሁላችንንም በላን።

ገመዱን በተራ ይፈቱታል፤ አንድ ቀን ኬርቱ፣ አንድ ቀን ታኔል። መጨረሻው ላይ ማንም ምንም አይናገርም። ሁለቱ ጀልባው ውስጥ ገብተው የቀረቻቸውን የአጃ ዳቦ ለሁለት ከፍለው ይበላሉ፣ እየበሉም ወደ ቤት ይቀዝፋሉ። ያለ ንግግሯ አያልቅም ብዬ ፈርቼ ነበር። ያልቃል።

አባዬ በየቀኑ ከኋላ፣ የዓሣ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ጭብጨባ ሳይጀመር ይሄዳል። ስለ አንቺ ምንም አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ትናንት ግን የእንግዳ ክፍሉን የማሞቂያ ምድጃ ሲጠርግ አገኘሁት። በሐምሌ፣ በበጋው መሃል።

ከነሐሴ 4 በኋላ የሚገኘው አድራሻዬ ፔርኑ ከተማ፣ የበጋ ቴአትር ቤቱ ነው።

ኡርቬ

*

ሊቫኒና፣ ሂዩማ ደሴት
ነሐሴ 19 ቀን 1997

ለኡርቬ፣ ፔርኑ ላለችው፣

መንገዱ ይቅናችሁ፣ ሰማዩም ከእናንተ ጋር ይሁን፤ እዚህ ከእኛ ጋር አልነበረም።

ይህን የምጽፍልሽ ከአባትሽ ወጥ ቤት ነው። በስልክ እንደደረስኩ ነግሮሻል፤ ግን እሱ በስልክ ከሦስት ቃል በላይ አይናገርም፤ ስለዚህ የቀረውን ከእኔ ስሚ።

መርከቡን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት። በሦስተኛው ተሳፈርኩ። የደረስኩት እናንተ በሄዳችሁ በማግስቱ ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ባሕሩ ስሄድ መስኩ ባዶ ነበር፤ ሣሩ ተረግጧል፣ እዚህም እዚያም የከረሜላ ወረቀት። አንድ ሽማግሌ ካስማ እየነቀለ ነበር። ከጀርባው አወቅሁት፤ አባታችን እንደዚያ ነበር የሚጎብጠው።

ዞሮ አየኝ።

«ዘገየሽ» አለ። «አልቋል።»

«ቴአትሩ?»

«ታዲያ ሌላ ምን?»

ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደና ሣጥን ገልብጦ «ተቀመጪ» አለኝ። ከዚያ፣ ኡርቬ፣ ወንድሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተልኝ። እስከ ዛሬ ልጅ ፊት እንኳ ዘፍኖ እንደማያውቅ ታሊን ላይ ነግረሽኝ ነበር። ሌናን ሠራ፣ ዩኩን ሠራ፣ ነፋሱን ሠራ። ገመዱ ጋ ሲደርስ «እዚህ ላይ በተራ ነው» ብሎ አስረዳኝ። መጨረሻው ላይ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ከኪሱ ዳቦ አወጣ፤ ግማሹን ሰጠኝ። በላሁት። ያ ብቻ ነው። ከዚያ ካስማውን መንቀል ቀጠለ፤ እኔም ወረቀቶቹን ለቀምኩ።

ለሦስት ቀን ስለ ድንችና ስለ መንገድ አወራን። ሌሊት ግድግዳው በዚህ በኩል እኔ እገላበጣለሁ፣ በዚያ በኩል እሱ ይገላበጣል። በአራተኛው ቀን ጠዋት «ጫማሽን አውልቂ» አለኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሃኔራሁ።»

«ጀልባውስ?»

«ምን ያደርጋል?»

ወደ ባሕሩ ከሚገባው የመሬት ጫፍ ባሻገር ስንዞር ደሴቲቱን አየኋት። የእኛ ምድር ከባሕሩ ትንሽ ትንሽ እየተነሣች መሆኗን ልጅ ሳለሁም ሲባል እሰማ ነበር፤ ስድሳ ዓመት ምን እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም። ውሃው ሸሽቶ፣ ድንጋዩ ወጥቶ፣ ቄጠማ በቅሎ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታችን እየነከረን በእግራችን ተሻገርን። የጎረቤት ላሞች ቀድመውናል፤ እሳት ያነደድንበት ቦታ ላይ አንዷ ተኝታ ታመነዥጋለች። እኔ የስንቱን ስደተኛ ልጅ በዚያች ደሴት አስፈራርቼ አሳድጌያለሁ። ይህን ለአርቬድ ስነግረው «ላሞቹን አትንገሪያቸው» አለ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እግራችንን ፀሐይ እያደረቀው ሳለ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳዞረ፣ ጠየቀኝ።

«እናታችን ናት ሂጂ ያለችሽ?»

«እሷ ናት። ጀልባው ላይ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነበር። አንተ ከላሞቹ ጋር ነበርክ።»

«ለእኔ አክስታችን ጋ ሄዳለች፣ ትመጣለች አለችኝ።»

«መቼ አወቅህ?»

«በረዶ ሲጥል። እስከዚያ ድረስ አልጋሽ ላይ ማንም እንዲተኛ አልፈቀድኩም። ድመቷን እንኳ።»

ያኔ የነገርኩትን አልጽፍልሽም፤ ብዙም አልነበረም። ጀልባው ላይ ቀና ብዬ ወደ ኋላ እንዳላየሁ ነገርኩት፤ ካየሁ እንደምዘል ስለማውቅ። ከዚያ «ብትዘዪ ትሰምጪ ነበር፤ ዋና አትችዪም» አለኝ። እስከ ዛሬም አልችልም።

ስንመለስ ውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበርና ክንዴን ያዘኝ። መካከል ላይ ስንደርስ «መርከብሽ መቼ ነው?» አለ።

«ነገ ጠዋት።»

ጥቂት ተራመድን።

«ከነገ ወዲያም አለ» አለ።

እነሆ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ጎተንበርግ ላለችው ጎረቤቴ ደውዬ አበቦቼን እንድታጠጣ ነግሬያታለሁ። ለእናንተ ድንች እያስቀመጥን ነው። ኬርቱን ንገሪያት፤ እኔም በሷ ዕድሜ አኩራፊ ነበርኩ፣ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ የመርከቡ ጡሩምባ ከወደቡ በኩል ሲሰማ አርቬድ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ዳቦዬን ቅቤ መቀባቴን እቀጥላለሁ።

አክስትሽ፣
ኤንድላ